ጋኔን ያደረበት ሰው በፊልምና በወንጌል፦ ለአንዲት የጅማ እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። በቅርቡ ልጆቼ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተሰብስበው ጋኔን ያደረባትን ልጅ የሚያሳይ የፈረንጅ ፊልም በስልክ አዩ። ከዚያ ወዲህ የ12 ዓመቷ ልጄ ብቻዋን መተኛት ትታለች፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ትጮኻለች። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማረው ታላቅ ወንድሟ «ፊልሙ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተሠራ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም የሚለው ይህንኑ ነው» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «ሁሉም ፈጠራ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሌላም ያሳሰበኝ አለ። በሠፈራችን የሚጥል በሽታ ያለባት ወጣት አለች፤ ልጆቹ ፊልሙን ካዩ ወዲህ ሲያገኟት ይሸሿታል። እኛ ኦርቶዶክሳውያን ነን። እንደ ክርስቲያን ይህን ዓይነት ፊልም እንዴት ልየው? ልጆቼንስ ምን ልበላቸው?

ምላሽ፦

እህቴ፣ የነገሩ ልብ ያለው በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ ነው። ልጆቹ ፊልሙን አይተው የሸሹት የታመመች ጎረቤታቸውን ነው። እነዚህ ፊልሞች አጋንንት አሉ በማለታቸው አልተሳሳቱም። ስሕተታቸው የተያዘውን ሰው ራሱን ማስፈራሪያ ማድረጋቸው ላይ ነው። ወንጌል ስናነብ ለተያዘው ሰው እናዝናለን፤ ፊልሙን ስናይ ከእርሱ እንሸሻለን።

መጀመሪያ የቤታችሁን ክርክር ልንካው። ባለቤትዎ «ሁሉም ፈጠራ ነው» ሲሉ ፊልሙን ማለታቸው ከሆነ ብዙውን ያህል ልክ ናቸው። አጋንንት ራሳቸው ፈጠራ ናቸው ማለታቸው ከሆነ ግን ከጥምቀታችን ጋር ይጋጫሉ። ልጅዎ ክርስትና ስትነሣ በእርሷ ስም ወደ ምዕራብ ተዙሮ ሰይጣን ተክዷል፣ ወደ ምሥራቅ ተዙሮም እምነት ተመስክሯል። ቤተ ክርስቲያን የሌለ ነገር አታስክድም። ወንድ ልጅዎ በበኩሉ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አጋንንት ይናገራል ማለቱ እውነት ነው፤ «የሚለው ይህንኑ ነው» ማለቱ ግን ስሕተት ነው። ማርቆስ ወንጌልን ከምዕራፍ 1 እስከ 9 ቁጭ ብሎ ቢያነብ ልዩነቱን ራሱ ያየዋል።

አንድ ሌላ ነገርም ከመጽሐፉ ይታይ። ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን፣ በጨረቃ የሚነሣባቸውን (የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ማለት ነው) እና ሽባዎችን ለየብቻ ይጠራቸዋል። በምዕራፍ 17 እና በማርቆስ 9 የምናገኘው ልጅ የሚወድቅበት፣ አረፋ የሚደፍቅበት ሁኔታ የሚጥል በሽታን ይመስላል፤ እዚያ ጌታ መንፈሱን ገሥጾታል። ስለዚህ አንድ ሰው ወደቀ ብለን ብቻ ጋኔን ነው ማለት አንችልም፤ ወንጌሉም እንዲህ አላለም። የሚመስል ነገር ሁሉ አንድ ቢሆን ኖሮ ማቴዎስ ባልለያቸው ነበር።

አሁን ወደ «እውነተኛ ታሪክ» እንምጣ። ልጆቹ ያዩት የትኛውን እንደሆነ አልገለጹልኝም፤ ይሁን እንጂ የዚህ ዘር ፊልሞች አብዛኞቹ የሚቀዱት እ.ኤ.አ. በ1973 ከወጣው «ዘ ኤክሶርሲስት» ነው። ፊልሙ የተሠራው ከሁለት ዓመት በፊት ከታተመ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ለልብ ወለዱ መነሻ የሆነው በ1949 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ወንድ ልጅ ተደረገ የተባለ የካቶሊክ ጋኔን የማስወጣት ጸሎት ነው። ወንዱ ልጅ በድርሰቱ ሴት ልጅ ሆነ። ጭንቅላቷ ሙሉ ለሙሉ ሲዞር የሚታየው ለዚያ ትዕይንት የተሠራ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነው። የተፋችው አረንጓዴ ነገር የአተር ሾርባ ነው። ሲተነፍሱ የሚታየው እንፋሎት ክፍሉ በትላልቅ ማቀዝቀዣዎች እንዲበርድ ስለተደረገ ነው። የጋኔኑን ድምፅ የሰጠችው መርሴዲስ ማክኬምብሪጅ የተባለች ተዋናይት ናት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለልጅዎ እንዲነግሯት ነው፤ ልጆች አንድ ነገር እንዴት እንደተሠራ ሲያውቁ ፍርሃቱ ብዙ ጊዜ ይቀልላቸዋል።

ሁለተኛው «እውነተኛ ታሪክ» የሚያሳዝን ነው፤ ወንድ ልጅዎም ቢሰማው ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ዘ ኤክሶርሲዝም ኦፍ ኤሚሊ ሮዝ» የተነሣው ከጀርመናዊቷ ተማሪ ከአኔሊሴ ሚሼል ታሪክ ነው። ይህች ወጣት ለሚጥል በሽታ ሕክምና ስትከታተል ቆይታለች። በ1975 እና በ1976 በአሥር ወር ገደማ ውስጥ 67 ጊዜ የማስወጣት ጸሎት ተደረገላት፤ በመጨረሻው ጊዜ ሐኪም አልታየላትም። ምግብ እየተወች ሄዳ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1976 በ23 ዓመቷ ስትሞት ክብደቷ 31 ኪሎ ገደማ ነበር። ለሞት ያበቃት የምግብና የውሃ እጦት ነው። በ1978 ፍርድ ቤት ሁለቱን ካህናትና ሁለቱን ወላጆቿን በቸልተኝነት ሞት በማድረስ ጥፋተኛ ብሎ የ6 ወር እስራት በገደብ ፈረደባቸው። ፊልሙ ታሪኩን ወደ አሜሪካ ወስዶ አንድ ካህን ብቻ የሚከሰስበት ክርክር አድርጎታል፤ ተመልካቹም «በእርግጥ ጋኔን ነበረባት ወይ?» እያለ ይወጣል። ክርስቲያን መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ ይህች ልጅ ስትከሳ፣ ውሃ ሲጠፋ ከሰውነቷ፣ በዙሪያዋ የነበረ አማኝ ሁሉ ምን ይጠብቅ ነበር?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ ፊልሞቹ ከሚያሳዩት እጅግ የተቆጠበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1614 የወጣው የጸሎት መጽሐፍ ገና ሲጀምር ካህኑ አንድን ሰው ጋኔን ይዞታል ብሎ በቀላሉ እንዳያምን ያስጠነቅቃል። በ1983ቱ ሕጋቸው መሠረት ያለ ጳጳሱ ግልጽ ፈቃድ ማንም ካህን ይህን ጸሎት ማድረግ አይችልም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታደሰው ሥርዓትም ሐኪሞችን ማማከርን ያዛል። በፊልም ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ የስልክ ጥሪ ያልፋል፤ አልያም ሐኪሙ ምንም የማይገባው ሞኝ ሆኖ ይቀርባል።

ከወንጌሉ ጋር ያለው ልዩነት የት ላይ እንደሆነ በዝርዝር ላሳይዎት፤ ለልጆችዎም የሚነግሩት ይህንን ነው።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት መሙላት ስላለበት ጋኔኑ ጠንካራ መሆን አለበት። ካህኑ ይጸልያል፣ ጋኔኑ ይስቃል፤ መስቀል ይወጣል፣ መስቀሉ ይወድቃል፤ መጽሐፉ ይቃጠላል። በማርቆስ 1 ቁጥር 25 ግን ጌታ በቅፍርናሆም ምኩራብ የተናገረው «ዝም በል ከእርሱም ውጣ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። በማርቆስ 5 ሌጌዎን የተባሉ ብዙ አጋንንት ያደሩበት ሰው ገና ከሩቅ ሲያየው ሮጦ ሰገደለት። አጋንንቱ ወደ እሪያዎች ለመግባት እንኳ ፈቃድ ለመኑ። በማርቆስ 7 ደግሞ ጌታ ወደ ታማሚዋ ልጅ ቤት አልገባም፤ ሩቅ ሆኖ ለእናትየዋ ነገራት፣ እርሷም ስትመለስ ጋኔኑ ወጥቶ ልጇን አልጋ ላይ ተኝታ አገኘቻት። ፊልሞቹ አልጋን የጦር ሜዳ ያደርጉታል። ለልጅዎ ይህን የሲሮፊኒቃዊቷን ታሪክ ቢያነቡላት እወዳለሁ፤ እናት ለልጇ ስትለምን የሚያሳይ ነውና።

በ1973ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ወጣቱ ካህን ጋኔኑን «በእኔ ግባ» ብሎ ይጠራና በመስኮት ተወርውሮ ይሞታል። ደራሲው ካቶሊክ ነበር፤ ትዕይንቱም ሰው ስለ ሌላው ራሱን ሲሰጥ ለማሳየት የታሰበ ይመስላል፤ ይህን ማሰቡ ያስከብረዋል። ትምህርቱ ግን አደገኛ ነው። ማንም ሐዋርያ ጋኔንን ወደ ራሱ አልጠራም። ስለ ሌላው መሞት አንድ ጊዜ በጎልጎታ ተፈጽሟል፤ ቆላስይስ 2 ቁጥር 15 አለቆችንና ሥልጣናትን ገፍፎ በመስቀሉ ድል እንደነሣቸው ይናገራል። በብዙዎቹ ፊልሞች ክርስቶስ የለም። መስቀል አለ፣ የተቀደሰ ውሃ አለ፣ በላቲን የሚነበብ ጸሎት አለ፤ እርሱ ግን የለም። ቃሉን በትክክል የጠራ፣ ዕቃውን በትክክል የያዘ ያሸንፋል፣ የተሳሳተ ይሞታል። ይህ ደግሞ በሐዋርያት ሥራ 19 የአስቄዋ ሰባት ልጆች የሞከሩት ነው። «ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ» እያሉ እንደ አስማት ሊጠቀሙበት ሞክረው ራቁታቸውን ቆስለው ከቤት ሸሹ። እኛ በመስቀል ስንባረክ፣ ጠበል ስንጠመቅ ኃይሉ የባለቤቱ የክርስቶስ እንደሆነ ለልጆች በግልጽ ካልተነገራቸው ፊልሙ መስቀሉን ክታብ አድርጎ ያስተምራቸዋል።

የግብፁ መናኝ አባ እንጦንስ ስለ አጋንንት ማስፈራራት የተናገሩት አለ፤ ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ዜናቸው ውስጥ ይገኛል። አጋንንት ኃይል ስለሌላቸው በመድረክ ላይ እንደሚጫወት ሰው መልካቸውን ይለዋውጣሉ፣ በጩኸትና በብዛት ሕፃናትን ያስፈራራሉ ይላሉ። ከእግዚአብሔር የተላከ መልአክ ግን ሁካታ አላስፈለገውም፤ ብቻውን በአንድ ሌሊት ከአሦራውያን ሰፈር 185,000 መታ። አጋንንቱ በእሪያዎች ላይ እንኳ ያለ ፈቃድ ሥልጣን ካልነበራቸው በእግዚአብሔር መልክ በተፈጠረ ሰው ላይ እንዴት ይኖራቸዋል ብለውም ይጠይቃሉ። ከ1,600 ዓመት በላይ የቆየ ቃል ነው። የአስፈሪ ፊልም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴም ይኸው ነው፦ ጸጥታ፣ ከዚያ ድንገተኛ ከፍተኛ ድምፅ፣ የተለወጠ ፊት፣ ጨለማ። ድምፁን ቢዘጉት አብዛኛው ማስፈራሪያ ይረግፋል፤ ሰውነታችንን የሚያስዘልለው በአመዛኙ የድምፁ ድንገተኛነት ነውና።

ፊልሞቹ የያዙትን እውነትም ላለመደበቅ ያህል፦ ክፋት ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ሰውን የሚጠላ አካል እንዳለው ያሳያሉ። የማርቆስ 5 ታሪክም ራሱ አስፈሪ ነው፤ መቃብር አለ፣ የተሰበረ ሰንሰለት አለ፣ ሌሊትና ቀን እየጮኸ ሰውነቱን በድንጋይ የሚቧጭር ሰው አለ። ታሪኩ ግን እዚያ አይቆምም። በቁጥር 15 ሰውየው ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶ ተቀምጧል። በመጨረሻም ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ይላካል። ፊልሞቹ ይህን ክፍል በግማሽ ደቂቃ ያልፉታል፤ ብዙ ጊዜም በመጨረሻው ትዕይንት ጋኔኑ እንዳልሄደ ይጠቁማሉ፣ ቀጣይ ክፍል መሸጥ አለባቸውና።

ከፈረንጁ ፊልም ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ እዚሁ በእኛ ስልኮች ላይ ያለው ነው። በየማኅበራዊ ገጹ «ጋኔኑ ለፈለፈ» እየተባለ የሚለቀቀው ቪዲዮ የፊልሙ ታናሽ ወንድም ሆኗል። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ቤት አለ። የምትጮኸው እህት ልብሷ ተገልጦ፣ ፊቷ ሳይሸፈን ትቀረጻለች። ነገ ገበያ ስትወጣ ሰው ያውቃታል። ወንጌሉ ሰውየው እንደለበሰ ይጽፍልናል፤ እኛ እንዴት እንገልጣለን? ከዚያም አጥማቂው ወይም አገልጋዩ ጋኔኑን ይጠይቀዋል፦ ማን ላከህ? በምን ገባህ? «ጎረቤቷ ናት፣ በምግብ ሰጠቻት» የሚል መልስ ይመጣል። በዚህ መልስ ስንት ጉርብትና ፈርሷል፤ ስንት እናት ቡዳ ተብላ ቡና እንዳይጠጣባት ተደርጓል። ጌታ ስሙን አንድ ጊዜ በማርቆስ 5 ጠይቋል። ከዚያ ውጭ ግን በማርቆስ 1 ቁጥር 34 አጋንንቱ እንዲናገሩ አልፈቀደም። ዲያብሎስ ሐሰተኛ የሐሰትም አባት መሆኑን ዮሐንስ 8 ይነግረናል፤ የሐሰተኛን ምስክርነት ይዘን በጎረቤት ላይ እንዴት እንፈርዳለን? ልጆችዎ እነዚህን ቪዲዮዎች የሚያዩ ከሆነ ከፊልሙ ባልተናነሰ ይከልክሏቸው። ጅማ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ የሚኖርባት ከተማ ናት። ፊልሙን አብረው ያዩት የጎረቤት ልጆች ሙስሊሞች ከሆኑ እነርሱም ቤት ስለ ጂን የራሳቸው ፍርሃት ገብቷልና ለእናቶቻቸው ይንገሯቸው፤ ልጆቹን አብራችሁ ብታረጋጉ ይሻላል።

ማየት ኃጢአት ነው ወይ ለሚለው፦ ጋኔን በስክሪን በኩል ይገባል የሚል የመጽሐፍ ቃል የለም፤ እንዲህ ብሎ ልጅን ማስፈራራት ፍርሃቱን እጥፍ ማድረግ ነው። በሌላ በኩል ፊልጵስዩስ 4 ቁጥር 8 እውነተኛውን፣ ጭምተኛውን፣ ንጹሑን እንድናስብ ያዘናል። ለልጆች መልሱ ቀላል ነው፤ አይገባቸውም። ይህ የ1973ቱ ፊልም በአሜሪካ ሲወጣ እንኳ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳይገባ ተብሎ ነው። ለአዋቂ ግን ሮሜ 14 እንደሚለው የኅሊና ጉዳይ ነው፤ ወንድ ልጅዎ ራሱን ይጠይቅ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ መጸለይ ይቀለኛል ወይስ ይከብደኛል? ለተያዘችው ልጅ አዘንሁ ወይስ ተጸየፍኋት? እኔ ባየሁት ምክንያት ደካማው ታናሼ ተሰናከለ ወይ? ሦስተኛው መልስ ቤታችሁ ውስጥ ታይቷል። አንድ ነገር ግን የኅሊና ጉዳይ አይደለም፦ በፊልሙ የሚታየውን መናፍስት የመጥራት ጨዋታ በዶርም ውስጥ መሞከር። ዘዳግም 18 ሙታን ሳቢንና መናፍስት ጠሪን በግልጽ ይከለክላል፤ ለቀልድም ቢሆን።

ለተማሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል። በፈተና ሰሞን ጫት ቅሞ፣ ሌሊቱን በፊልም አንግቶ፣ ከዚያ ጫቱን ባቆመበት ሌሊት ደረቱ ላይ አንድ ነገር ተጭኖት ሲነቃ «ጋኔን ያዘኝ» የሚል ወጣት ብዙ ነው። ሰው ይህን ዱካክ ይለዋል። ጫት የለመደ ሰው ሲያቋርጥ አስጨናቂ ሕልም ይመጣበታል። እንቅልፍ ያጣ ሰውም አእምሮው ነቅቶ ሰውነቱ ገና ሳይነቃ ለአጭር ጊዜ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ሰው ያለም ሊመስለው ይችላል። ትላንት ያየው ፊልም ለዚያ ነገር መልክ ይሰጠዋል። መፍትሔው በቂ እንቅልፍ፣ ጫቱን መተው፣ ከመኝታ በፊት ስልኩን ማራቅ ነው፤ ጸሎቱም ሳይቀር።

ስለ ልጅዎ። አይሳቁባት፣ «ትልቅ ልጅ ሆነሽ» አይበሏት፤ «ሰይጣን የሚባል የለም» ማለትም አይጠቅምም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሌላ ስትሰማ እርስዎን ማመን ትተዋለች። ቀን፣ ብርሃን ባለበት፣ የትኛው ትዕይንት እንደሚመላለስባት ትንገርዎት። እስክትጨርስ አያቋርጧት። ከዚያ እንዴት እንደተሠራ ያስረዷት፤ ፊልሙን ግን «ለማስለመድ» ብለው ደግመው አያሳዩአት። ማርቆስ 5ን እስከ ቁጥር 20 አብራችሁ አንብቡ፤ መሃል ላይ አያቁሙ፣ የሰላሙ ክፍል መጨረሻ ላይ ነውና። ማን ማንን እንደለመነ እርሷ ትንገርዎት።

ማታ ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይዘጋ። ቡናውም ከሰዓት በኋላ ይቅርባት። አባታችን ሆይ፣ ከዚያ መዝሙረ ዳዊት 90 (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 91 ነው)፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይኑረው። ጸሎቱን ረጅም አያድርጉት፤ በፍርሃት የበዛ ጸሎት ልጅን አደጋ እየመጣ ነው ብሎ ያስተምራል። የእጅ ባትሪ ትራሷ አጠገብ ያስቀምጡላት፤ መብራት ሲጠፋ ራሷ ታበራዋለች፣ መጮኽም አያስፈልጋትም። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አጠገቧ ይቀመጡ፤ ከዚያ በሩ ላይ፣ ከዚያ በሩ ተከፍቶ በሚቀጥለው ክፍል። በአንድ ሌሊት አይሂዱ፣ ለወራትም አብረዋት አይተኙ። ንስሐ አባታችሁ መጥተው ቤቱን ጠበል ቢረጩ መልካም ነው፤ ግን «የገባውን ሊያስወጡ» ሳይሆን «ሊባርኩን» መጡ ተብሎ ይነገራት። ፍርሃቱ ከአንድ ወር ካለፈ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች፣ ምግብ ከቀነሰች ወይም ሌሊት ሌሊት እየጮኸች ከነቃች ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍሉ ይውሰዷት። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ። ልጆቹን ስለ ደግነት ከመስበክ ይልቅ ሥራ ይስጧቸው፤ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ልጅ አይሸሽም። ስትወድቅ የመጀመሪያው ሥራ ሰዓት ማየት ነው። እሳት፣ ድንጋይ፣ ስለት ያለውን ከአጠገቧ ያርቁ፤ በአገራችን የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ብዙ ጊዜ ለከባድ ጉዳት የሚዳርጋቸው ምድጃ ላይ መውደቅ ነው። ነጠላ አጥፎ ከራሷ ሥር ማድረግ፣ አንገቷ ላይ የጠበቀ ነገር ማላላት፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኗ አስተኝቶ ምራቋ እንዲፈስ ማድረግ። አፏ ውስጥ ማንኪያም እንጨትም ጣትም አይግባ፤ ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽ ይዘጋል። እጅና እግሯን በኃይል አይያዙ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አያደርግላትም፣ ሊያቃጥላት ግን ይችላል። አረፋው በሽታ አያስተላልፍም፤ ይህን ለልጆቹ ደጋግመው ይንገሯቸው። አብዛኛው ጊዜ በ1 እና በ3 ደቂቃ መካከል ያበቃል። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ በድጋሚ ከጣላት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ወዲያው ወደ ሕክምና ትወሰድ። ስትነቃ ግራ ትጋባለች፣ ታፍራለችም፤ የተሰበሰበው ሰው ይበተን፣ አንድ የምታውቀው ሰው ብቻ አጠገቧ ይቅር። ማንም አይቅረጻት።

ከወደቀች በኋላ በነጋታው ልጆችዎን ይዘው ቡና ሊጠጡ ይሂዱ። ከእርሷ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበሉ ማየት ለልጆቹ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ነው።

ቤተሰቦቿ ጠበል እንውሰዳት ካሉ አይከልክሏቸው፤ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይንገሯቸው፦ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ፌኖባርቢታል የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይነሣል፤ ሳያቋርጥ እየደጋገመ ጥሎም ሊገድል ይችላል። ይህ ሲሆን ሰው «ጠበሉ አስቆጣው» ይላል፤ ምክንያቱ ግን የቀረው ክኒን ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በግልጽ አስተምረዋል፤ ለሚጥል በሽታም ነገሩ ያው ነው። ፌኖባርቢታል በብዛት ማታ ስለሚወሰድ በባዶ ሆድ ከሚጠጣው የጠዋት ጠበል ጋር አይጋጭም፤ ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሰዓቱን ሐኪሟ ያስተካክልላታል። ጠበሉ ቦታ ላሉት ካህን በሽታዋና መድኃኒቷ አስቀድሞ ይነገራቸው። ስትጠመቅም ብቻዋን ውሃ ውስጥ አትግባ፤ የሚያውቃት ጠንካራ ሰው ክንዷን ሊይዝ በሚችልበት ርቀት ይቁም፣ እዚያ ላይ ከጣላትም ከምንም አስቀድሞ ፊቷን ከውሃው ያውጣ።